ቀዩ መብራት ሳይበራ፦ የአያቶቻችንን ድምፅ ስንቀርጽ መጠኑን እንዴት እናስተካክል?

ብዙዎቻችን ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባን የመጀመሪያዎቹ ልጆች ነን። ለአንድ የሴሚናር ሥራ «የቤተሰባችሁን ታሪክ በሰነድ አስደግፋችሁ አቅርቡ» ስንባል በእጃችን ያለው ወረቀት በጣም ጥቂት ነው። የአዲስ ገቢ ደብተር፣ ሁለት ሦስት ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ቀኑ የተገመተ የልደት ምዝገባ። ቀሪው፣ ማለትም ከጎንደር መንደሮች እስከ ሱዳን የተደረገው የእግር ጉዞ፣ በመንገድ የቀሩት ሰዎች ስም፣ የአዲስ አበባው የጥበቃ ጊዜ፣ በአያቶቻችን አንደበት ነው ያለው።

ስለዚህ በነታንያ የምንማርና የምንኖር የሶሻል ወርክ ተማሪዎች ላፕቶፕና ማይክ ይዘን በየቤቱ እንሄዳለን። እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ያሰቡ ተማሪዎችና ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አንድ ነው፦ «ድምፁን ስንት ላይ እናድርገው?» ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት የ80 ዓመት እናት የልጃቸውን ሞት የሚናገሩት ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ድምፁ ከተበላሸ «እንደገና ይበሉልን» ማለት አይቻልም፤ ቢቻልም አይገባም። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ከነምክንያቱ ለማስረዳት የቀረበ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከእኛ በፊት የተሠራ ሥራ

የቤተ እስራኤልን ድምፅ መቅረጽ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1973 ጎንደር አካባቢ ሄደው የቄሶችን ጸሎት ቀርጸዋል፤ በዚያ ጥናት ላይ የተመሠረተ መጽሐፋቸውም በ1986 ታትሟል። በዚያው በ1986 የሙዚቃ ተመራማሪው ሲምሃ አሮምና ባልደረቦቻቸው እዚህ እስራኤል ውስጥ የቄሶቻችንን የጸሎት ዜማ በሰፊው ቀረጹ። ጸሎቱ በግዕዝ ነው፤ የአገውኛ ቃላትም አሉበት። ዜማው በምልክት ተጽፎ የኖረ ሳይሆን ከቄስ ወደ ደብተራ በጆሮ የተላለፈ ነው። በዚያን ጊዜ ባይቀረጽ ኖሮ ዛሬ ብዙው ክፍል የሚገኘው በጥቂት አረጋውያን ትዝታ ብቻ ነበር።

እነዚያ ተመራማሪዎች ጥሩ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ነበራቸው። እኛ ያለን በአንድ ጥናት ቡድን የተገዛ ርካሽ ኢንተርፌስና እንደ ኦዳሲቲ ወይም ሪፐር ያለ ሶፍትዌር ነው። ሆኖም የዛሬው ርካሽ መሣሪያ በአግባቡ ከተያዘ ለንግግር ቀረጻ ከበቂ በላይ ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አያያዙ ነው።

ሜትሩ ምን ይለናል?

በማንኛውም የቀረጻ ሶፍትዌር ላይ ድምፅ ሲገባ የሚወጣና የሚወርድ አረንጓዴ መስመር አለ። ይህ ሜትር ነው። ቁጥሮቹ ከዜሮ በታች ናቸው፦ -6፣ -12፣ -18፣ -24 እያለ ይወርዳል። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል። ለጀማሪ ግር የሚለው ዜሮው ከላይ መሆኑ ነው። በዲጂታል ቀረጻ ዜሮ ማለት ጣሪያው ነው። ኮምፒውተሩ ሊጽፈው የሚችለው ትልቁ ቁጥር እዚያ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለውም።

ድምፅ ሞገድ ነው፤ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሞገዱ ጣሪያውን ሲያልፍ ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። ባለሙያዎች ይህን ክሊፒንግ ይሉታል። ስንሰማው የሚሰነጠቅ፣ የሚንኳኳ፣ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ ነው። ቀዩ መብራት የሚበራውም ያኔ ነው። የተቆረጠው ጫፍ በፋይሉ ውስጥ የለም። በኋላ ድምፁን ዝቅ ብናደርገው ዝቅ ያለ የተሰነጠቀ ድምፅ እናገኛለን እንጂ የቀድሞው አይመለስም። ጥቂት የተቆረጡ ጫፎችን በግምት የሚሞሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን የሚሞሉት በግምት ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ድምፅ ግን በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ ስሕተቶች እኩል አይደሉም። መጠኑ ሲበዛ ጉዳቱ አይጠገንም፤ ሲያንስ አብዛኛውን ጊዜ ይጠገናል። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቁጥሩን በአእምሯችን ለመያዝ አንድ ስሌት ይበቃል፦ 6 ዴሲቤል ማለት የሞገዱ ቁመት እጥፍ ወይም ግማሽ ነው። -6 የጣሪያው ግማሽ፣ -12 ሩብ፣ -18 አንድ ስምንተኛ ነው። ተናጋሪው በተለመደ ንግግር -18 አካባቢ ከሆኑ፣ ድንገት ሞገዱን ስምንት እጥፍ የሚያሳድግ ድምፅ ካላወጡ በስተቀር ጣሪያው አይነካም።

«ሜትሩን ሙላው» የሚለው ምክር ከየት መጣ?

በሠርግ ላይ ሙዚቃ የሚሠሩ አጎቶቻችን «ድምፁ ቀዩን እስኪነካ ክፈተው» ሲሉ ሰምተን ይሆናል። በቴፕ ዘመን ይህ ትክክል ነበር። ቴፕ ራሱ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ አለው። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ንግግር በዚያ ሹሽታ ውስጥ ይሰጥማል። ደግሞም ቴፕ ከልኩ ትንሽ ሲያልፍ ድምፁን በአንድ ጊዜ አይቆርጥም፤ ቀስ እያለ ያወፍረዋል፣ ያጠብቀዋል። አንዳንዱ ዘፈን እንዲያውም በዚህ ያምር ነበር።

በዲጂታል ሁለቱም ምክንያቶች ጠፍተዋል። ድምፅ በ16 ቢት ሲቀረጽ እያንዳንዱ ቅጽበት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይጻፋል፤ በጣሪያውና በወለሉ መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ቦታ አለ። በ24 ቢት ደረጃዎቹ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ፤ ቦታውም በስሌት 144 ዴሲቤል ይደርሳል። ማንኛውም እውነተኛ መሣሪያ ይህን ያህል ጸጥታ የለውም፤ ማንኛውም የነታንያ አፓርትማ ደግሞ ከመሣሪያው ይበልጥ ይጮኻል። ፍሪጁ፣ ማዝጋኑ፣ ከመንገድ የሚመጣው አውቶቡስ ከሶፍትዌሩ ወለል በጣም ከፍ ብለው ይሰማሉ። ስለዚህ በ24 ቢት -18 ላይ የቀረጸ ሰው ምንም ጥራት አላጣም።

በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሞገድ ቀጭን ሲሆን መደንገጥ አያስፈልግም። ቀጭን መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከላይ ቦታ አለ ማለት ነው።

የትኛው ቁልፍ ነው የሚሠራው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በሶፍትዌሩ ውስጥ ከእያንዳንዱ ትራክ አጠገብ ያለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ፌደር የሚቀይረው የምንሰማውን እንጂ የሚቀረጸውን አይደለም። ፌደሩን ዝቅ አድርገን ቀዩ መብራት ቢጠፋ እንኳ ድምፁ ተቆርጦ እየገባ ሊሆን ይችላል።

የሚቀረጸውን የሚወስነው ማይኩ የተሰካበት ኢንተርፌስ ላይ ያለው ጌን የሚባለው ቁልፍ ነው። በዩኤስቢ በቀጥታ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ማይክ ከሆነ ቁልፉ ማይኩ ላይ ወይም በኮምፒውተሩ የድምፅ ቅንብር ውስጥ ይገኛል። ድምፁ ወደ ቁጥር የሚለወጠው ከዚህ ቁልፍ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተቆረጠን ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ነገር አያድነውም።

በዚያው ቅንብር ውስጥ ሌላም የሚጠፋ ነገር አለ። ስልኮችና ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ የድምፁን መጠን በራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ሰው ዝም ሲል ማሽኑ «ድምፅ አነሰ» ብሎ ከፍ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ የፍሪጁ ድምፅ ያድጋል። ሰውዬው ሲናገሩ መልሶ ያፍናቸዋል። አዛውንት ደግሞ በዝምታቸው ውስጥም ይናገራሉ። ዝምታቸው በጩኸት እንዳይሞላ ይህን አውቶማቲክ ሥራ እናጥፋው።

ስለ 32 ቢት ፍሎትም ጥያቄ ይመጣል። ለዚሁ ተብለው የተሠሩ መቅረጫዎች አሉ፤ በእነሱ ድምፁ ከዜሮ ቢያልፍም በኋላ ዝቅ ሲደረግ ሙሉው ሞገድ ይገኛል። ነገር ግን ተራ የ24 ቢት ኢንተርፌስ ይዘን ሶፍትዌሩን ብቻ 32 ቢት ፍሎት ላይ ብናደርገው ይህን ጥቅም አናገኝም። ቆራጩ ኢንተርፌሱ ነውና።

ክፍሉና ርቀቱ

ጌንን ከፍ ስናደርግ የእማማም ድምፅ የፍሪጁም ድምፅ እኩል ከፍ ይላሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አይለወጥም። ልዩነቱን የሚለውጡት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ክፍሉን ጸጥ ማድረግና ማይኩን ማቅረብ።

ማይኩን ከ40 ሴንቲ ሜትር ወደ 20 ብናቀርበው የተናጋሪው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ያድጋል፤ የክፍሉ ድምፅ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ ማይኩን እናስቀምጣለን፣ ቀጥሎ ጌኑን እንነካለን። ከአፍ 20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ትንሽ ወደ ጎን ወይም ከአገጭ ዝቅ ብሎ ቢሆን እስትንፋሱ በቀጥታ አይመታውም። በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ ስንጠቀም ነጠላውን እንጠንቀቅ። እናቶቻችን ሲናገሩ ነጠላቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ፤ ጨርቁ ማይኩን በነካ ቁጥር ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይገባል። ከነጠላው በላይ፣ በማይነካበት ቦታ ይሰካ።

ከክፍሎች ሁሉ ምንጣፍ፣ መጋረጃና ሶፋ ያለው ይመረጣል። ማማዱ ከመንገድ ድምፅ ይከላከላል፤ ነገር ግን የኮንክሪት ግድግዳው ድምፁን ያስተጋባል። ፍራሽና ብርድ ልብስ ካስገባንበት ጥሩ ስቱዲዮ ይሆናል። ማዝጋኑን እናጥፋ። ፍሪጁንም በባለቤቶቹ ፈቃድ እናጥፋና መልሰን ማብራቱን እንዳንረሳ የቤታችንን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ እናስቀምጥ። ሳንከፍተው መሄድ አንችልም። ቡናው ከቀረጻው በፊት ወይም በኋላ ይፈላ፤ የሲኒው ቅጭልጭልታ በሜትሩ ላይ ከንግግር በላይ ይዘላል።

ሙከራው በጨዋታ ነው

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ይበሉ» ማለት ለእኛ አይሠራም። ሰው ቁጥር ሲቆጥር እንደሚያወራው አያወራም፤ አንድ አባትም እንደ ፈተና ሊቆጥሩት ይችላሉ። ይልቅ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ።

የመጀመሪያው የዕለት ተዕለት ነገር ይሁን፦ «እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ሠሩ?» እሳቸው ሲያወጉን ጌኑን ቀስ እያልን ከፍ እናደርጋለን። ሜትሩ በብዛት በ-24 እና በ-18 መካከል ሲጫወት፣ ጫፉ -12 አካባቢ ሲደርስ እናቆማለን።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፍተኛውን ድምፅ ያመጣልናል፦ «አገር ቤት ሳሉ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከማዶ ሲጠሩ እንዴት ነበር የሚጠሩት?» ብዙዎቹ ይስቃሉ፤ ከዚያም ከተራራ ተራራ የሚደርሰውን ጥሪ ይጣራሉ። ጫፉ ከ-6 ካላለፈ ደህና ነው። ካለፈ ጌኑን ዝቅ እናድርግ። ሰው ጨዋታው ሲሞቅለት ድምፁ ከሙከራው ከፍ ስለሚል ከዚያም ላይ ሌላ 3 ዴሲቤል ብንቀንስ አንጎዳም።

ይህ ሁሉ ቦታ የሚቀመጠው ገና ላልመጣው ነገር ነው። የጎንደርን መንገድ በሹክሹክታ የሚያወሩ እናት በሰሎሞን ዘመቻ አውሮፕላኑ ሲያርፍ የነበረውን ሲነግሩን እልል ሊሉ ይችላሉ። በግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች የገቡበት ቀን ነውና። በ1984 መጨረሻ ከተጀመረው የሙሴ ዘመቻ በፊት በሱዳን መጠለያዎች የቀበሩትን ሲያነሱ ደግሞ ድንገት ወደ ሙሾ ሊገቡ ይችላሉ። ወደ ሱዳን በተደረገው ጉዞና በመጠለያዎቹ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም በሔርጽል ተራራ ይገኛል። እልልታውም ልቅሶውም የታሪኩ ክፍል ነው። ሁለቱም ሳይቆረጡ መግባት አለባቸው።

ቀረጻው ሲጀመር

ሶፍትዌሩን 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ እናድርገው፤ ፋይሉም ዋቭ ይሁን። የድምፅ መዛግብት ባለሙያዎች ለመዝገብ የሚመክሩት ትንሹ ልክ ይህ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ነው። አንድ ሰዓት 520 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለዛሬ ዲስክ ቀላል ነው። ኤምፒ3 ቦታ የሚቆጥበው ከድምፁ ላይ እየጣለ ስለሆነ ለቤተሰብ መላኪያ እንጂ ለመዝገብ አይሁን።

ከዚያ በኋላ እጃችንን እንሰብስብ። አንድ ሰው ያናግር፣ ሌላው በማዳመጫ እየሰማ ሜትሩን ይመልከት። ጠያቂው ራሱ ሜትር የሚመለከት ከሆነ ዓይኑ ከተናጋሪው ይነሳል፤ እሳቸውም ወዲያው ያውቃሉ። ቀዩ መብራት ከበራ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ጠብቀን ጌኑን አንድ ጊዜ ትንሽ ዝቅ እናድርግ፣ ሰዓቱን በወረቀት እንጻፍ፣ ንግግሩን ግን አናቋርጥ።

ኢንተርፌሳችን ሁለት ማይክ የሚቀበል ከሆነ ሁለተኛውን ማይክ ከመጀመሪያው አጠገብ አድርገን ጌኑን በ10 ወይም በ12 ዴሲቤል ዝቅ እናድርገው። ዋናው ቢቆረጥ ያንን ክፍል ከሁለተኛው እንወስዳለን። ሁለተኛ ማይክ ከሌለን ስልካችን በአውሮፕላን ሞድ ላይ ሆኖ አንድ ሜትር ራቅ ብሎ ይቅረጽ።

መሣሪያውን ሁሉ ከመክፈታችን በፊት ግን ፈቃድ እንጠይቅ። በሱዳን መጠለያዎች ወላጆቻችን አይሁድ መሆናቸውን ደብቀው ነው የኖሩት። ስም መናገር አደጋ በሆነበት ቦታ የኖረ ሰው ቀይ መብራት የሚያበራ ማሽን ፊቱ ሲቀመጥ ቢሰጋ አይገርምም። ማን እንደሚሰማው፣ የት እንደሚቀመጥ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በትግርኛ፣ እናስረዳቸው። «ይህን አጥፉልኝ» ባሉ ጊዜ ይጠፋል። ይህ በክፍል የተማርነው የሙያችን ሥነ ምግባር ነው፤ በቤታችንም ከታላቅ ጋር የምንነጋገርበት ወግ ነው።

ጸሎት፣ ነጋሪትና ቃጭል

የቄሶችን ጸሎት ለመቅረጽ መጀመሪያ ቄሱን እንጠይቅ፤ በሰንበትና በበዓል አይቀረጽም። አብዛኞቹ ለዚህ ተብሎ በተያዘ ተራ ቀን ደስ ብሏቸው ይጸልዩልናል።

እዚህ መጠኑ በድምፃቸው አይለካም። ነጋሪትና ቃጭል ካሉ የሚለካው በእነሱ ነው። የምት መጀመሪያ በጣም አጭር ነገር ግን በጣም ረጅም ጫፍ አለው፤ ጆሯችን «መጠነኛ ነው» ሲል ሜትሩ ጣሪያ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ጠንከር ባለው ምት ጫፉን -10 አካባቢ እናድርግና ማይኩን ከመሣሪያዎቹ አርቀን ወደ ቄሶቹ እናቅርብ። አንዱ ቄስ ሲመራ ሌሎቹ ይቀበላሉና ማይኩ ለመሪው ብቻ አይሁን፤ ሁሉንም በሚያይ ቦታ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ ቢቆም ቅብብሉ ይሰማል። ደጅ ከሆነ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ማይኩን ስለሚመታ የስፖንጅ ወይም የጸጉራም ጨርቅ ሽፋን ያስፈልጋል።

ከቀረጻው በኋላ

የመጀመሪያውን ፋይል አንነካውም። ስሙን፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፈን በሁለት የተለያዩ ዲስኮችና ከቤት ውጭ ባለ ሌላ ቦታ እናስቀምጠው። ከዚያ ቅጂ አውጥተን በቅጂው ላይ እንሥራ። ድምፁን ማንሳት የሚቻለው አሁን ነው፤ ሶፍትዌሩ ትልቁን ጫፍ ፈልጎ -1 ላይ ሲያደርሰው ቀሪው ሁሉ አብሮ ይነሳል። አንድ እልልታ ቀሪውን ዝቅ ካደረገው እልልታውን ብቻ መርጠን በቅጂው ላይ ትንሽ እናለዝበው። በዋናው ግን እንዳለ ይቆያል።

ኤምፒ3 ቅጂ ለቤተሰቡ እንስጥ። የልጅ ልጆች ዕብራይስጥ ብቻ ቢያውቁም የአያታቸውን ድምፅ ያውቁታል፤ ቋንቋውን መማር ሲፈልጉ የሚጀምሩበት አላቸው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ አንድ ማይክ፣ አንድ ኢንተርፌስ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ -18 የሚባለውን ቁጥር ማስታወስ። መጀመሪያ እርስ በርሳችን እንለማመድ፤ አንዱ ያውራ፣ ይጩህ፣ ይዝፈን፣ ሌላው ጌን ይያዝ። እጃችን ቁልፉን ሳይፈልግ ሲያገኘው አያቶቻችን ቤት እንሂድ። ቀጠሮውን ግን ለክረምት ዕረፍት አናቆየው፤ በዚህ ሳምንት እንደውልላቸው።